ሰባ ተኩል

ይድረስ ለምሳሳልሽ እትዬ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። ዓይንሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጊያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ጠርሙሱን መስኮት ላይ አቁመሽ እያየሽው ልትድኚ ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሰው ሰላም ሲለኝም እመልሳለሁ። «በአካሌ» ያልኩት ግን አምልጦኝ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ፊደሉን እንዲህ አጉልቼ የጻፍኩት ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዳያነብልሽ ብዬ ነው። በስልክ ልነግርሽ አራት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። አንዴ ስለ ዝናቡ አወራን፣ አንዴ ስለሚያፈሰው ጣሪያሽ፣ አንዴ ደግሞ የጎረቤትሽ ድመት ስንት እንደወለደች ነገርሽኝ። በአራተኛው «ምነው ድምፅህ ልክ አይደለም?» ስትዪኝ ጉንፋን ነው ብዬ ዘጋሁት። ጉንፋን አልያዘኝም እትዬ። አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። ወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ስለ ልጅሽ ነው፤ ስለ ፕላስተር። አትደንግጪ፣ ጤነኛ ናት፤ ባለፈው ሳምንት በዓይኔ አይቻታለሁ። ይህን ቅጽል ስም ያወጣሁላት እኔ መሆኔን ታስታውሺያለሽ? ስድስት ዓመቷ ሳለ አንድ ጥቅል ፕላስተር አግኝታ የወንበሩን እግር፣ የበሩን እጀታ፣ የስፌት መኪናሽን ጎማ ሳይቀር አክማ ጨረሰችና የቀረችውን ቁራጭ እኔ ግንባር ላይ ለጠፈቻት። የት አመመህ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ይህች ልጅ ነርስ ካልሆነች ማንም አይሆንም ብለን የሳቅነው ያኔ ነው።

ከየት እንደምጀምር ስለማላውቅ ከሥራዬ ልጀምር።

የነርሶች ማሠልጠኛው ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል ስቀጠር ለሰፈሩ ሁሉ ነግረሽ ነበር። «ወንድሜ የማሽኑ አለቃ ሆነ» ብለሽ። ዓይንሽ መርፌ ማሾለክ ካቃተው ወዲህማ በመጣሁ ቁጥር ለጎረቤት የምታሳዪኝ እንደ አዲስ ቁም ሳጥን ነው። እኔም አልጠላሁትም። ያን ጊዜ የመግቢያ ፈተና ውጤት የሚሠራው በእጅ ነበር። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የበላያቸው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ትልቅ ወረቀት ዘርግተው፣ በእርሳስና በማስመሪያ፣ አንድ ጊዜ ሠርተው ደግመው እየፈተሹ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እኔ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ይህ እኮ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝና እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩት፤ ያንን አልረሳም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ተቀምጬ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ጨረስኩት።

እንዴት እንደጻፍኩት ማወቅ አለብሽ፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። ለኮምፒውተር ትእዛዞችን በተርታ ጽፈሽ የምትሰጪበት መንገድ አለ፤ ሼል ስክሪፕት እንለዋለን። ፋይል ለማንሳትና ለማስቀመጥ፣ ስም በፊደል ተራ ለመደርደር፣ ይህን አድርገህ ስትጨርስ ያንን አድርግ ለማለት ወደር የለውም። ሂሳብ ላይ ግን የሚያውቀው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ሰባትን ለሁለት አካፍል ብትዪው ሦስት ይልሻል። ሦስት ተኩል አይልሽም። ግማሿን ወደ ላይ አያስጠጋትም፤ ቀረች ብሎም አይነግርሽም። ይጥላታል። ስህተት ነው ብሎ ቀይ ጽሑፍ አያወጣ፣ አይጮህ፣ ምንም። ነጥብ ያለበትን ሂሳብ ሌላ ፕሮግራም ጠርቶ ማሠራት ይቻላል፤ የአንድ መስመር ሥራ ናት። ይህን የማያውቅ የሙያው ሰው የለም። እኔም አውቅ ነበር እትዬ። የጻፍኩ ዕለት ግን ቸኮልኩ። ሰው እንዲያጨበጭብልኝ ቸኮልኩ።

መቼም በልብስ የምመስልልሽ ያለዚያ አይገባሽም ብዬ ሳይሆን እኔም ራሴ የገባኝ በዚያ ስለሆነ ነው፤ አስቢው፣ ስምንት ስፌት ያለው ቀሚስ ልትሰፊ ነው። መቀሱ እያንዳንዱ ስፌት ላይ ከሙሉ ሳንቲሜትር የምትተርፈውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። ከአንዱ ስምንት ሚሊ፣ ከአንዱ አራት ሚሊ። አንዷን ብቻ ያየ ሰው ምንም አይለውም። ደንበኛዋ ስትለብሰው ግን አይዘጋም። ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛ የምትባለው ወፍራለች የተባለችው ደንበኛ ናት።

ሥራዬን ኃላፊያችን ፊት ሳሳይ አሥር ተማሪ ፈጥሬ ነበር። ውጤታቸውን ሁሉ ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ አደረግኩት፤ ለዓይን እንዲያምር። እንደዚያ ዓይነት ክብ ቁጥር ላይ ደግሞ ተርፎ የሚጣል ነገር የለም። አሥሩም ልክ ወጡ። ኃላፊያችን እጃቸውን አጨበጨቡ። ጋሼ ብቻ «እስቲ አንድ እውነተኛ ልጅ ሞክርልኝ» ብለው ካምናው ወረቀት አንድ ስም አነበቡልኝ። በእጃቸው የሠሩት ሰማንያ አንድ ነው፤ ማሽኑ ሰማንያ አለ።  እኔም ሳላስብ «ጋሼ፣ አንድ ቦታ ሳይሳሳቱ አልቀሩም» አልኳቸው። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ብዙ አዩት። ከዚያ «ዓይኔ ነው መሰለኝ፣ ይቅርታ» ብለው ሰማንያ አንዱን ሰርዘው ሰማንያ ጻፉ።

ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው።

ሁሉም ከወጣ በኋላ በካልኩሌተር ሠራሁት። ሰማንያ አንድ ነጥብ አንድ ነበር። ጋሼ ልክ ነበሩ። ምን አደረግኩ መሰለሽ? ካልኩሌተሩን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ለራሴ «ከሁሉም እኩል የምትቀንስ ከሆነ ማን ይጎዳል?» አልኩ። እኩል አልነበረችም። ቁጥሩ ክብ ሆኖ የመጣለት ምንም አይጎድልበትም፤ ሌላው ነጥብ ከምናምን ያጣል። የመግቢያው መስመር ደግሞ ሰባ ላይ እንደ ድንጋይ ተተክሎ ቆሟል። ይህን ሁሉ ለማሰብ ሦስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። በወሩ ጋሼን ወደ ምድር ቤት መዝገብ ቤት አዛወሯቸው፤ እኔን በደብዳቤ አመሰገኑኝ። ያን ደብዳቤ በመስታወት አስገብተሽ ሰቅለሽዋል። እባክሽ አውርጂው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ፕላስተር ተፈተነች።

የዚያን ሰሞን አንቺም ታስታውሺዋለሽ፤ እኔ ግን በእኔ በኩል የሆነውን አልነገርኩሽም። የትምህርት ቤት ውጤቷና የፈተናዋ ውጤት ለየብቻ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። የትምህርት ቤቱ አርባ በመቶ፣ የፈተናው ስድሳ በመቶ ይያዛል፤ አራት ትምህርት ነው። ልጅቷ ቁጭ ብላ በእጇ ሠራችውና ደውላ አልፌያለሁ አለችሽ። አንቺም ደስታሽን ለሰው አካፈልሽ። በሦስተኛው ቀን የእኔ ዝርዝር ወጣ፤ ስድሳ ዘጠኝ። ደወልሽልኝ። «እስቲ ደግመህ እይልኝ፤ ሰባ ተኩል ነው ያገኘሁት ትለኛለች» አልሽኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ፣ ምንም ሳልከፍት፣ «እትዬ፣ ኮምፒውተር ለማንም አያዳላም። ልጅሽ ወድቃለች። ማፈሯን ለመሸፈን ነው የምትዋሽሽ» አልኩሽ።

«ውሸታም» የሚለውን ቃል አፍሽ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ልጄን ውሸታም ያልኳት እኔው ነኝ ብለሽ ስትብሰለሰዪ እንደኖርሽ አውቃለሁና ይህን ለይቼ ልጽፍልሽ ፈለግኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዬ መጣች። ባለ ካሬ ወረቀት ይዛለች፤ በመስመር በመስመር የተሠራ ሂሳብ። ሁለት ባልደረቦቼ ነበሩ። «አጎቴ፣ እባክህ አንድ ጊዜ ብቻ እየው፤ የምሳሳት ከሆነ አሳየኝ» አለችኝ። ሰው ፊት ሥራዬን መጠርጠሯ አናደደኝ። ወረቀቱን አጥፌ ሳላየው መለስኩላትና «መደመር የማይችል ሰው ለበሽተኛ መድኃኒት ሊለካ ነው?» አልኳት። ባልደረቦቼ ሳቁ። እሷ አላለቀሰችም። ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች፣ ደህና ዋል ብላኝ ወጣች። በሳምንቱ ከቤት መውጣቷን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ሲነሣ አንቺ ስለ ሌላ ነገር ታወሪያለሽ፤ እኔም አብሬሽ አወራለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ዘንድሮ አንዲት አዲስ ባልደረባ ተቀጠረች። ፈጣን ናት፣ ብዙ አታወራም። የድሮዎቹን ስክሪፕቶች ወደ አዲስ ፕሮግራም እንድታዛውር ታዘዘች። የቀድሞውን ውጤት በአዲሱ ሠርታ ስታስተያይ አልገጥም አላት። አንድ ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «የእኔ ስህተት መስሎኝ ሁለት ቀን ፈለግኩት» አለችኝ። ጣቷን ማካፈያው ምልክት ላይ አሳረፈች።  

በአራት ዙር ፈተና አርባ ሦስት ልጆች። ሰባ ሞልቶላቸው ወድቃችኋል የተባሉ አርባ ሦስት ልጆች።

እዚህ ላይ ወዲያው ተነሥቼ ተናዘዝኩ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አላደረግኩትም። «ጥቂት ቀን ስጪኝ፣ እኔው ላጣራው» አልኳት። የሚጣራ ነገር አልነበረም። አሥራ አንድ ቀን ያዝኳት። በአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ ያሰብኩትን ሁሉ ብጽፍልሽ ወንድምነቴን ትክጂያለሽ፤ አዲሷን ባልደረባዬን ሌላ ክፍል እስከ ማስቀየር ድረስ አስቤያለሁ። የአርባ ሦስቱ ዝርዝር ስም የለውም፤ የመፈተኛ ቁጥር ብቻ ነው። የፕላስተርን ቁጥር አላስታውሰውም። አለች ወይስ የለችም የሚለውን ለማወቅ ደግሞ ፈራሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መዝገብ ቤት ወረድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ የወረድኩት ቁጥሯ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ አይቼ ልተነፍስ ነው። ጋሼ እዚያ ናቸው፤ መደርደሪያዎቹ መሀል አንዲት ጠረጴዛና አንድ መብራት አላቸው። የዚያን ዓመት ፋይል ስጠይቃቸው ሄደው አመጡልኝ። ቁጥሯ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ከላይ ስድስተኛው።

ፋይሏን ከፈትኩት። አንዱን ትምህርት ብቻ ላሳይሽ። የትምህርት ቤት ውጤቷ ሰባ ሁለት ነው፤ አርባ በመቶው ሃያ ስምንት ነጥብ ስምንት ይሆናል። የእኔ ማሽን ሃያ ስምንት አለ። ፈተናዋ ስድሳ ዘጠኝ፤ ስድሳ በመቶው አርባ አንድ ነጥብ አራት ነው፤ ማሽኑ አርባ አንድ አለ። ሰባ ነጥብ ሁለት የነበረው ስድሳ ዘጠኝ ሆነ። አራቱም ላይ እንደዚሁ። መጨረሻ ላይ ለአራት ሲያካፍል የተረፈቻትንም ጣላት። እውነተኛው አማካይ ሰባ ነጥብ አምስት ነው። ሰባ ተኩል። ልጅሽ ያለችሽ።

ከፋይሉ ሥር ያ ባለ ካሬ ወረቀት ነበር። በላዩ የአቤቱታ ቅጽ ተያይዟል፤ ቀኑ እኔ ቢሮዬ ባዋረድኳት ማግስት ነው። ሂሳቡ አንድም ቦታ አልተሳሳተም። ይባስ ብላ ከጎኑ በትንሽ ጽሑፍ «ማሽኑ ነጥቡን የሚጥለው ይመስለኛል» ብላ ጽፋለች። ማንም ሳያስተምራት። ከቅጹ ግርጌ ደግሞ በሌላ ቀለም፣ በራሷ እጅ፣ «አቤቱታዬን በፈቃዴ አንሥቻለሁ» ይላል፤ ፈርማበታለች።

ጋሼን ይህ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ልጅቷን ያስታውሷታል። ወረቀቷን ተቀብለው በእርሳስ ሠሩት፤ ልክ ሆኖ አገኙት፤ ወደ ኃላፊው ይዘው ሊወጡ ተነሡ። ልጅቷ ግን «አባባ፣ አንዴ ልጠይቅዎት፤ ስህተቱ ከተረጋገጠ ይህን የሠራውን ሰው ምን ያደርጉታል?» አለቻቸው። እሳቸውም «ምን ይደረጋል፣ ይሰናበታል እንጂ» አሏት።  ከዚያ ወረቀቱን መልሰው እንዲሰጧት ጠየቀች፤ እስክሪብቶም ለመነቻቸው።

እርስዎስ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው፤ ምን መብት ኖሮኝ እንደጠየቅኳቸው አላውቅም። «እሷ ተውኩት አለች» አሉኝ፤ ቀጥለውም ረጋ ብለው «እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሳስተሃል ተብያለሁ ልጄ። ሁለተኛ አፌን ልክፈት?» አሉኝ። ፋይሉን ከእጄ ተቀብለው አቧራውን በእጅጌያቸው አራገፉ። እኔ የቆምኩበት ወለል ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ቀጥታ ወደ ላይ ወጣሁ። ኃላፊያችን ሰሙኝ፣ በሩን ዘጉት፣ ወንበር ሰጡኝ። «ያለፈ ነገር ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ እናስተካክለዋለን፤ የድሮውን ማን ይቆፍራል? አንተም ትጎዳለህ፣ ቤቱም ስሙ ይጠፋል» አሉኝ። በአሥራ አንዱ ቀን ለራሴ ስለው የከረምኩትን ነው የነገሩኝ፤ ከእሳቸው አፍ ስሰማው አስጠላኝ። ሁሉንም በጽሑፍ አድርጌ ፈረምኩበት፤ የጋሼን ሰማንያ አንድም ጨምሬ። አዲሷ ባልደረባዬ የአርባ ሦስቱን ስሌት ከሥሩ አያያዘችው። ኮሚቴ ተቀመጠ። በሦስተኛው ሳምንት ለአርባ ሦስቱም ደብዳቤ ተጻፈ፤ ከፈለጉ ያለ ፈተና በመጪው ወር መጀመሪያ መግባት ይችላሉ። አንዳንዶቹ ሌላ ቦታ ተምረው ጨርሰዋል። አንዷ ሁለት ልጅ ወልዳለች። የአንደኛው ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ አልተገኘም፤ ስሙን በልቤ ይዤ እዞራለሁ።

የልጅሽን ደብዳቤ ግን በፖስታ አላስላኩትም። አብራት ከተማረች ልጅ ያለችበትን ጠይቄ ራሴ ይዤው ሄድኩ።

የስድስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ነው። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ንጽሕና ክፍል ትሠራለች። ምድር ቤት ነው፤ እንፋሎቱ መነጽር ያደበዝዛል፣ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ወለሉ ከእግርሽ ሥር ይንቀጠቀጣል። በሩ ላይ ቆሜ ሳላስታውቃት አየኋት። የነርሶችን ነጭ ጋወን ትተኩሳለች። አንገትጌውን ትተኩስና፣ ትከሻውን ትተኩስና፣ አንሥታ ወደ ብርሃን ታየዋለች፤ ልክ አንቺ የጨረስሽውን ልብስ እንደምታዪው። ከስታለች እንጂ መልኳ አልተለወጠም። እጇ ላይ የካውያ ምልክት አለ፤ ፕላስተር ለጥፋበታለች።

ስታየኝ አልደነገጠችም። «አጎቴ፣ ምሳ በልተሃል?» አለችኝ። ይህን ነው ያለችኝ እትዬ። የእረፍት ሰዓቷ ሲደርስ ውጭ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። በአውቶቡስ ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ገና «ያኔ የጻፍኩት ስክሪፕት...» ስል «አውቃለሁ» አለችኝ። ከፋይሉ አስፈቅጄ የወሰድኩትን ባለ ካሬ ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አየችውና «እጅ ጽሑፌ እንዴት ያስጠላ ነበር!» ብላ ሳቀች፤ አጥፋ መለሰችልኝ። ለምን እንዳነሣችው ልጠይቃት አፌን ስከፍት ገብቷት መሰለኝ «መዝገብ ቤት ያሉት አባባ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ጥያቄዬን ዋጥኩት።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰው ፊት ያልኳትን ቃል ደግሜ እያነሣሁ ጠየቅኳት። ሰማችኝ፤ አላቆመችኝም፣ አላበረታታችኝም። ስጨርስ «ለእማዬ ነግረሃታል?» አለችኝ። አልነገርኳትም አልኩ። «እንግዲያው መጀመሪያ ለእሷ ንገራት። እኔ ልነግራት አልችልም፤ ውሸታም የተባልኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ የተለወጠው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

የማሠልጠኛውን ደብዳቤ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሄዳለሁም አልሄድምም አላለችኝም። መቼ ነው የሚጀምረው፣ መኝታ አላቸው ወይ፣ የሚሰጡት ጋወን ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ነው አልኳት። «ሁለት አይበቃም፤ ደም ቶሎ ካልታጠበ አይለቅም» አለችኝ። ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ልትገባ ተነሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና «ሥራህስ እንዴት ነው አጎቴ? አልነኩህም አይደል?» አለችኝ። ደህና ነው፣ ማን ይነካኛል አልኳት። እፎይ ስትል ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት።

ልለምንሽ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ስልኳን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ደውዪላት፤ ሌላ ጊዜ የማሽኑ ድምፅ አያሰማትም። ስለ እኔ ምንም እንድትዪ አልፈልግም፤ ስለ ሰባ ተኩሉ ብቻ ንገሪያት። ይህን ካንቺ መስማት አለባት። ሁለተኛው፣ ስለ ሥራዬ ከጠየቀችሽ ደህና ነው በያት። እኔ እንዳልኳት ብቻ፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ። ቢያንስ ትምህርቷን እስክትጀምር። ደግሞ አንድ ውሸት አስተማርኩሽ፤ ይህም በእኔ ላይ ይጻፍ። ለቤቱ ወጪ አታስቢ፤ በየወሩ የምልክልሽ እንደ ወትሮው ይደርስሻል፤ ትንሽ ቀን ቢዘገይ ግን አትደንግጪ።

ይቅር በዪኝ ልልሽ ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ከጉርሻሽ ከፍለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ልጅሽን ካንቺ ለየሁብሽ። ብትቆጪኝ ይሻለኛል። ዝም ብትዪኝም እችለዋለሁ። ለእሷ ግን ዝም አትበያት።

ፈጣሪ የዓይንሽን ብርሃን ይመልስልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽን የሚያንኳኳ ሁሉ በመልካም ያንኳኳው። የልጅሽን የምረቃ ልብስ በገዛ እጅሽ ለመስፋት ያብቃሽ።

መልስ ልትጽፊልኝ ከወደድሽ በቢሮው አድራሻ አትላኪው፤ የሚቀበልልኝ ሰው የለም። በቤቴ አድራሻ ላኪው። ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።

አንገቱን ደፍቶ የሚሳለምሽ
ታናሽ ወንድምሽ